ሶኒክስን ለመመለስ የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ ወይስ አይውጣ?

የቼሪው ታክሲ ነጂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን የማሳፍረው ሰው ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ሶኒክስ ወደ ሲያትል ይመለስ ይሆን? እኔም ቢመለስ ደስታውን አልችለውም። የማነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቡድኑን ለማምጣት ከተማው መሬት ይስጥ፣ ከግብር ነፃ ያድርግ፣ ቦንድ ይሽጥ ቢባል እኛ ግብር ከፋዮች እሺ እንበል? እኔ እንቢ ባይ ነኝ። ምክንያቴም ያለው አጀማመሩ ላይ ነው።

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ በ1967 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠራው) ሁለት ቡድን ጨመረ፤ ሲያትልንና ሳን ዲዬጎን። የእኛን ፈቃድ ሳም ሹልማንና ዩጂን ክላይን የሚባሉ የካሊፎርኒያ ባለሀብቶች በ1.75 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱት። ገንዘቡ የእነሱ ነው፣ አልክድም። የተጫወቱበት ኮሊሲየም ግን ለ1962ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቶ የቆመ አዳራሽ ነበር። ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን በሳን ፍራንሲስኮ 144 ለ116 ተሸነፈ፤ ዓመቱንም በ23 ድልና በ59 ሽንፈት ጨረሰ። ተጫዋቾቹ ሌሎች ቡድኖች የለቀቋቸው ነበሩ፤ ዋልት ሃዛርድ ከሌከርስ፣ ቶም ሜሸሪ ከዎሪየርስ። ያን ሁሉ ሽንፈት እያየ ትኬት መቁረጡን ያልተወው ሰው ነው ለእኔ ባለቤቱ። ወረቀቱ ላይ ግን ስሙ የለም። አብሮን የተወለደው የሳን ዲዬጎ ቡድን በአራት ዓመቱ ተሽጦ ሂውስተን ገባ፤ እኛ 41 ዓመት ቆይቶልን በ2008 ኦክላሆማ ሄደ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። አሁን ደግሞ ለላሟ ሣር አምጡ ሊሉን ነው?

የቦይንግ ጡረተኛ፦
ወንድሜ፣ ስለ ስሙ አንድ ነገር ላክልበት። ቡድኑ በሙሉ ስሙ ሱፐርሶኒክስ የተባለው ቦይንግ ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኞች አውሮፕላን ሊሠራ ከመንግሥት ውል ስላገኘ ነው። ውሉ የተሰጠው 1966 ሊያልቅ ሲል ነበር፤ በ1971 የአሜሪካ ምክር ቤት ገንዘቡን ከለከለና አውሮፕላኑ ሳይበር ቀረ። እኔ እዚህ የደረስኩት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ሥራ ያስለመዱኝ ሽማግሌዎች ግን ያንን ዘመን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። በአካባቢው 100 ሺህ ገደማ የነበረው የቦይንግ ሠራተኛ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ40 ሺህ በታች ወረደ። «ከሲያትል የመጨረሻው የሚወጣ ሰው መብራቱን ያጥፋ» የሚል ማስታወቂያ መንገድ ዳር የተሰቀለው ያኔ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሽንፈቱ ድሉ የበለጠው በ1971/72 ነው፣ 47 ለ35። ሥራ ያጣ ሰው ማታ ሬዲዮ ከፍቶ የሚሰማው አንድ ደግ ነገር ነበረው። ይህን በዶላር የምትመዝኑበት ሚዛን ካላችሁ አሳዩኝ። ባለሀብቱንም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትውቀሱት። ሹልማን ስፔንሰር ሄይዉድ የሚባል ወጣት ተጫዋች ሲያስፈርም ሊጉ «ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ አራት ዓመት አልሞላውም» ብሎ ከለከለ። ሰውየው ከሊጉ ጋር ፍርድ ቤት ቆሞ ጉዳዩ በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈረደላቸው። ከኮሌጅ ሳይጨርሱ ለሚገቡ ልጆች ሁሉ በር የከፈተ ነገር ነው። ስለዚህ ከተማው ትንሽ ቢያግዝ አይከፋኝም።

ሒሳብ ያዡ፦
ጋሼ፣ ሬዲዮው ያሉት ልቤን ነክቶታል። ግን «ትንሽ» የሚለው ቃል ነው የሚያስፈራኝ።

ሶኒክስ የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይጨርስ፣ በፌብሩዋሪ 1968፣ ሲያትል ያለችበት የኪንግ ካውንቲ (አውራጃ) ሕዝብ በአንድ ቀን ብዙ ጥያቄ ላይ ድምፅ ሰጠ። አንዱ ለስታዲየም 40 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ይሸጥ የሚል ነበር። ሌላው የከተማ ባቡር ይሠራ የሚል። ሁለቱም 60 ከመቶ ያስፈልጋቸው ነበር። ስታዲየሙ አለፈ። ባቡሩ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝቶ 60 ስላልሞላ ወደቀ፤ በ1970 ደግመው ቢጠይቁም ወደቀ። የፌዴራሉ መንግሥት ለባቡር ሊሰጠን የነበረውን ገንዘብ አትላንታ ወሰደችው።

በዚያ ቦንድ የተሠራው ኪንግዶም የሚባል ስታዲየም በ1976 ተከፈተ፣ ሶኒክስም ከ1978 ጀምሮ ገባበት። በ2000 በፈንጂ አፈረሱት። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ በሌለ ሕንጻ ዕዳ ከፍለናል። የሲያትል ሕዝብ በ2006 ሕግ ያወጣው እንዲህ ተቃጥሎ ነው፤ ለስፖርት ቡድን የሚከራይ የከተማ ንብረት ቢያንስ የግምጃ ቤት ቦንድ የሚያስገኘውን ያህል ያስገባ የሚለውን 74 ከመቶ ገደማ ደገፈው። እኔ ያን ሕግ የሚነካ ነገር ሁሉ እቃወማለሁ።

የቦይንግ ጡረተኛ፦
ኪንግዶም የተሠራው ከሁሉ በላይ ለቤዝቦልና ለአሜሪካ እግር ኳስ ነው። የእነዚያን ዕዳ በሶኒክስ ጀርባ አትጫን ልጄ።

ሒሳብ ያዡ፦
እውነት ነው ጋሼ፣ በዚህ እቀበላለሁ። ልምዱ ግን ያው ነው፤ መጀመሪያ ፍቅር፣ ቀጥሎ ቦንድ።

የሬኒየር ባለሱቅ፦
እናንተ ስለ 1968 ስታወሩ እኔ የማስበው 2009ን ነው። ባቡሩ በሬኒየር ሸለቆ ያለፈው ያኔ ነው፣ ቡድኑ በሄደ በዓመቱ። ግንባታው መንገዱን ዘግቶት ደንበኛ አጥቼ ሱቄን ልዘጋ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ከጎኔ የነበሩ የዘጉም አሉ። ባቡሩ ከአርባ ዓመት በፊት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ እኛ ሠፈሩን ያገኘነው አልቆ ነበር። ስለዚህ «ይህን ከሰጠን ያ ይቀራል» የሚለው ክርክር ለእኔ የወረቀት ጉዳይ አይደለም።

ደግሞ ጨዋታ ሲኖር ፖፕኮርን የሚሸጠው፣ መኪና የሚያቆመው፣ ሌሊት አዳራሹን የሚጠርገው የእኛ ሰው ነው። ሥራውን እፈልገዋለሁ። እንደኔ ገንዘብ አይሰጥ፤ ግን ሌሊት ሠራተኛውን ቤቱ የሚያደርስ አውቶቡስ ይኑር።

እዚህ የተወለድኩ፦
ይቅርታ፣ አማርኛዬ ቢሰባበር እረሙኝ። አባቴ የሶኒክስ ወዳጅ ስለሆነ ታሪኩን በቃሌ ነው የማውቀው። ሁላችሁም ሌኒ ዊልከንስን ረሳችሁት።

በ1968 በሃዛርድ ለውጠው አመጡት። በ1969 እየተጫወተ አሠልጣኝም ሆነ። ጋሼ ያሉት 47 ድል የእሱ ነው። ከዚያስ? በዚያው በ1972 ክረምት ባለቤቶቹ ለክሊቭላንድ ሰጡት። ከተማው ተቆጣ፣ ግን ማንም አልጠየቀውም። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ 26 ብቻ አሸነፈ። ዊልከንስ የክሊቭላንድን ማልያ ለብሶ ሲመጣ የሲያትል ሰው ለባላጋራ ነው ያጨበጨበው! በ1977 ቡድኑ 5 አሸንፎ 17 ተሸንፎ እያለ እንደገና አሠልጣኝ አድርገው መለሱት፤ ያን ዓመት ፍጻሜ ደርሶ በሰባተኛው ጨዋታ በዋሽንግተን ተሸነፈ፣ በ1979 ያንኑ ዋሽንግተን 4 ለ1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሐውልቱ በ2025 አዳራሹ ደጃፍ ቆሟል።

እና እኔ ከዚህ የማየው፣ ሕዝቡ ትክክል ሆኖ እንኳ የሚናገርበት ቦታ አልነበረውም። ገንዘብ ብንሰጥም ባንሰጥም ያው ነው። በ2008 ከተማውን ትንሽም ቢሆን ያዳነው ምንድን ነው? የኪራይ ውሉ። ውሉ እስከ 2010 ስለነበር ከተማው ከሰሰ፣ ባለቤቶቹ 45 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ወጡ፣ ስሙና አረንጓዴና ወርቅ ቀለሙ እዚህ ቀረ። ዛሬ አዲስ ቡድን ቢመጣ ሶኒክስ ተብሎ መጠራት የሚችለው በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው። ልንከራከርበት የሚገባው ውሉ ላይ ነው።

የቼሪው ታክሲ ነጂ፦
አማርኛህ አልተሰባበረም፣ አባትህ ያኩራህ። እኔም ሐሳቤን በዚህ አሻሽላለሁ። ያንኑ የድሮውን ኮሊሲየም በ2021 አድሰው የከፈቱት ከ1 ቢሊዮን በላይ የግል ገንዘብ አውጥተው ነው፣ ሕንጻው ግን አሁንም የከተማው ነው። አከራዩ እኛ ነን ማለት ነው። እንግዲያው ለምክር ቤቱ የምንጽፈው ደብዳቤ ገንዘብ አትስጡ ብቻ አይበል። ቡድኑ ውሉ ሳያልቅ ቢሄድ የሚከፍለው ከ45 ሚሊዮን እጅግ የከበደ ይሁን፤ ሊሸጥ ሲል ከተማው አስቀድሞ ይነገረው፤ ስሙና ታሪኩ ሁልጊዜ እዚህ ይቅር። የእህታችን የሌሊት አውቶቡስም ይግባ።

የቦይንግ ጡረተኛ፦
እፈርማለሁ። ለልምምድ ቦታ መሬት ከጠየቁ ግን አሁንም ስጧቸው ነው የምለው።

ሒሳብ ያዡ፦
አከራዩአቸው ጋሼ።