የጀልባ ጉዞ ድረ ገጻችን ምን ጎደለው?

ባለጀልባው፦
ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሰው እናመላልሳለን። ድረ ገጽ አሠራን፤ ሲከፈት የጣና ቪዲዮ ከነሙዚቃው ይጀምራል፣ ያምራል። የሚደውል ግን የለም። እስቲ አይታችሁ ንገሩኝ።

ቀበሌ 14፦
በስልኬ ከፈትኩት። ወንድሜ፣ ቪዲዮው ገና ሳይጀምር ካርዴን በላው! አንሣው፤ አንድ የተጨመቀ ፎቶ ይበቃል። ስልክ ቁጥራችሁን ደግሞ ፎቶው ላይ ነው የጻፋችሁት፤ ቢነኩት አይደውል፣ ኮፒ አይደረግ። በጽሑፍ አድርጉት፣ ሲነኩት የሚደውል፣ በ+251 የሚጀምር።

አስጎብኚዋ፦
እኔን ያናደደኝ ሰዓቱ ነው። እንግሊዝኛው ገጽ ላይ «መነሻ 2 ሰዓት» ብላችሁ እንዳለ ገልብጣችሁታል። እንግዳው ከምሳ በኋላ እየመሰለው ይቀራል። 8 ኤኤም በሉት። ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባም ከዋጋው አጠገብ በግልጽ ይጻፍ። ወደቡ ላይ ሲሰሙ የሚቆጡት በእኔ ነው፣ በዲዛይነሩ አይደለም። ለሴቶች ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለላችሁ፤ እሱን አስቀድሙ።

ባለጀልባው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቪዲዮው ግን ብር የወጣበት ነው... ለፌስቡክ ይሁን እንግዲህ። የሐይቁ ፎቶ ላይ ያለው ነጭ ጽሑፍስ?

ቀበሌ 14፦
ፀሐይ ላይ ጨርሶ አይነበብም። ፎቶውን አጥቁረው፤ የጽሑፉና የጀርባው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን። ዋጋውንም አትደብቁት፣ «ይደውሉ» የሚለውን ማን ይደውላል?