አዲስ የተቀባ ግድግዳ ያሰጋል?

ጥያቄ፦
ከባለቤቴ ጋር የሚገዛ ቤት እያየን ነው። አንዱን በጣም ወደድነው። ግን አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ጥጉ ላይ ቀለሙ አብጧል፤ ስነካው ይረግባል። ሻጩ «ምንም አይደለም» አሉን። እንስጋ?

መልስ፦
አዎ፣ ስጉ! የግንባታ ባለሙያ ነኝ። ቀለም እንዲህ የሚያብጠው ብዙ ጊዜ ከኋላው እርጥበት ሲኖር ነው። ከጀርባው መታጠቢያ ቤት ካለ ቧንቧውን ጠርጥሩ። ወደ ወለሉ ጠጋ ብሎ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ደግሞ ግድግዳው ውሃ እየሳበ ነው። ዱቄቱ ውሃው ሲተን የሚቀረው ጨው ነው። ይሄ በቀለም አይድንም።

ስንጥቅም ፈልጉ። ፀጉር የምታህል የልስን ስንጥቅ ብዙም አታሳስብም። ከመስኮት ጥግ ተነስታ በሰያፍ የምትሄድ፣ አንዱ ጫፏ የሰፋ ከሆነች ግን መሠረቱ ሰምጦ ሊሆን ይችላል። መሐንዲስ ሳያያት ቀብድ እንዳትከፍሉ፣ አደራ።

ሌላ መልስ፦
ዝናብ ሲጥል ሄዳችሁ እዩት። ጣሪያው ያኔ ይናገራል።

ጠያቂ፦
ከጀርባው መታጠቢያ ቤት ነው! ሻጩ ባለሙያ አላስገባም ቢሉስ?

መልስ፦
ተዉት። ሌላ ቤት ፈልጉ።