ከጅማ ተነስቶ በቡናው መሐል፦ ለኮርሳ ሳይክል ጸጥ ያለው መንገድ የቱ ነው?

ቡና_ዳር፦
እንዴት ሰነበታችሁ። ፈረንጆቹ በወይን እርሻ መሐል ጉብታውን እየወጡ እየወረዱ ሲነዱ በቪዲዮ የማታዩ የላችሁም። እኛ ጋ ወይን ባይኖር ቡና ሞልቷል። ከጅማው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ተነስቶ እሁድ ጠዋት በ3 ሰዓት ውስጥ ደርሶ መመለስ የሚቻልበት፣ መኪና የማይበዛበት አስፋልት ጠቁሙኝ። ሳይክሉ ኮርሳ (የእሽቅድድም ዓይነት) ነው፤ ጎማው 28 ሚሊ ሜትር፣ የፊት ጥርሱ 50 እና 34፣ ከኋላ ትልቁ ጥርስ 28፣ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዘው ዓይነት። ክብደቴ 72 ኪሎ ነው። አየር ስንት ልሙላ? ምን መለዋወጫ ልያዝ? የትኛውስ ወር ይሻላል?

የሰቃ_መንገድ፦
ወንድሜ፣ ከመንገዱ በፊት ሰዓቱን ምረጥ። ጅማ አካባቢ አንዱ አስፋልት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባዶ ሆኖ ከቀትር በኋላ መፈናፈኛ ያጣል። ምክንያቱ ራሱ ቡናው ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጠዋት ይለቀማል፣ ከሰዓት በኋላ በሞተር፣ በአህያና በአይሱዙ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይጋዛል፣ መፈልፈያው ደግሞ እስከ ሌሊት ይሠራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከ8 ሰዓት በኋላ ሳይክል ይዘህ አትውጣ።

ላንተ የሚሆነው የሰቃ ጨቆርሳ መንገድ ነው። ወደ ቦንጋ የሚወስደው ማለት ነው። ሰቃ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 40 ነው፤ በሰዓት 20 ብትነዳ ሻይ ጠጥተህም ጊዜ ይተርፍሃል። አንድ ረጅም ዳገት ሳይሆን የሚደጋገም ጉብታ ስለሆነ እግር ይፈትናል እንጂ አይጨርስም።

ሁለተኛው ምርጫ የአጋሮ አቅጣጫ ነው። አጋሮ ድረስ 45 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ በ3 ሰዓት ደርሰህ አትመለስም፤ የቡ ከተማ ላይ ዞረህ ተመለስ። በማና ወረዳ ቡናው መንገዱ ዳር ድረስ ስለሚመጣ፣ ለዓይን ከሆነ ከሰቃም ይበልጣል፤ የሕዝብ ማመላለሻው ግን ይበዛል።

የአዲስ አበባውን መንገድ በሰርቦ በኩል እርሳው። ሲኖትራክ ሲያልፍህ የሚገፋህ ነፋስ ብቻውን ከአስፋልቱ ያወጣሃል። ወደ ዴዶ ደግሞ ደጋ ነው፤ ከፍ ባልክ ቁጥር ቡናው እየቀረ እንሰትና ገብስ ይተካል። ዳገት ብቻ ከፈለግህ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ወጥተህ ውረድ፤ አጭር ነው፣ ዳገቱ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው። በየትኛውም በር ብትወጣ ከገበያተኛ፣ ከጋሪና ከአህያ ጋር ትጋፋለህ። እሁድን መምረጥህ ጥሩ ነው።

ካቴና፦
ስለ ዕቃው እኔ ልበል።

አየር፦ በ72 ኪሎ፣ ለ28 ጎማ ፊት 65፣ ኋላ 72 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል። 100 የሚሞሉ አሉ፤ የተለጣጠፈ አስፋልት ላይ ሳይክሉ ይዘላል እንጂ አይፈጥንም፣ እጅም ያደነዝዛል። ከ55 በታች ከወረደ ግን ጉድጓድ ስትመታ የውስጥ ጎማው በቸርኬው ጠርዝ ይቆነጠጣል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካየህ እሾህ አይደለም፣ አየር አንሶህ ነው።

ጎሚስታ ጋ ከመሄድህ በፊት የጎማህን ቫልቭ እይ። የኮርሳ ቀጭኑ ቫልቭ ከመኪና ኮምፕረሰር ጋር አይገጥምም። መሐል የሚገባ የነሐስ መጋጠሚያ አለ፤ የጣት ጫፍ ታክላለች፣ ኮርቻ ሥር ካለው ቦርሳ አትለይ። ኮምፕረሰር ስትጠቀም በአጭር በአጭሩ አስነካው። የመኪና ጎማ ደቂቃ የሚፈጅበትን አየር ያንተ ጎማ በሁለት ሴኮንድ ይጠግባል፣ ከዚያ ይፈነዳል።

የምትይዘው፦ 2 የውስጥ ጎማ፣ 6 ልጥፍ ከማስቲሽ ጋር፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ 2 የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ፣ የእጅ መንፊያ፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን (አለን) ቁልፍ፣ የካቴና መፍቻና አንድ ማያያዣ። ማስቲሹን ቀብተህ 5 ደቂቃ ሳይደርቅ ከለጠፍህ አይይዝም፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ከማስገባትህ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣት ዙሪያውን ዳብስ። የወጋህ የሽቦ ቁራጭ እዚያው ካለ ሁለተኛውንም ይበሳዋል።

ጥርስ፦ 34 በ28 በደቂቃ 60 ጊዜ ስትረግጥ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጅሬን ላይ ያን ያህል ካልሄድክ ቆመህ ትረግጣለህ። ከኋላ ትልቁን ጥርስ 32 ብታደርገው ወደ 8 ይወርዳል፣ ጉልበትህም ያመሰግንሃል። ነገር ግን አጭር ክንድ ያለው የኋላ ማርሽ ቀያሪ 32ን ላይቀበል ስለሚችል ከመግዛትህ በፊት አረጋግጥ፤ ካቴናውም መርዘም አለበት። ልኩ ቀላል ነው፦ ካቴናውን ማርሽ ቀያሪው ውስጥ ሳታስገባ በፊት ትልቁ ጥርስና በኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ አዙረህ አንድ ሙሉ አንጓ ጨምር።

ዘይት፦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታድርግ፣ የብረት ፍቅፋቂ አለበት። በነጭ ጋዝ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ በየማያያዣው አንድ ጠብታ፤ የተረፈውን በጨርቅ ጥረግ። ዘይት ሲበዛ ቀዩን አቧራ ይዞ ጥርስ የሚበላ ሊጥ ይሆናል። ካቴናው ማለቁን በማስመሪያ እወቅ፦ 12 ሙሉ አንጓ አዲስ ሲሆን 30.48 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 30.63 ሲደርስ ቀይረው። ያኔ ካልቀየርከው ጥርሶቹንም አብረህ ትገዛለህ።

ጥላ_ሥር፦
ጋሽ ካቴና የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ጥላው ነው። ወይኑ ፀሐይ ላይ በመደዳ የቆመ ነው፤ ዝዋይም ብትሄድ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። ቡናችን ግን በዋንዛና ሳሳ በሚባለው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ጥላው ከፀሐይ ያድንሃል፣ ግን ሦስት ነገር ያመጣብሃል።

አንደኛ፣ ሜዳው ደርቆ ጥላው ሥር ያለው አስፋልት እስከ ረፋድ እርጥብ ነው፣ ቅጠልም ይነጠፍበታል። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ የመጀመሪያው ዙር ውኃ መጥረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍሬኑን ነካ ነካ አድርገህ አድርቀው፣ ኩርባው ሳይደርስ ቀንስ፣ ኩርባው ውስጥ አትያዝ።

ሁለተኛ፣ ኩርባው ማዶ አይታይም። ከብት ሊኖር ይችላል፣ መሐል መንገድ የቆመ ባጃጅም እንዲሁ። ደወል ግጠም፤ በቀኝህ ሂድ፣ ግን ጠርዙ ስለተበላ ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ግባ።

ሦስተኛ፣ መጋቢ መንገዶች ወደ አስፋልቱ በሚገቡበት ቦታ ሁሉ የመኪና ጎማ ቀይ ጭቃ ያወጣል። በቀጥታ እለፈው፣ ሳታዘነብል፣ ፍሬንም ሳትይዝ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ወደ መጋቢ መንገድ መታጠፍ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ያንተ ፍሬን ሥር ያለው ክፍተት ለ28 ጎማ ብቻ የተበጀ ስለሆነ ጭቃው ጎማውን ይቆልፈዋል። ሲቆለፍ ፔዳሉን አትግፋ፣ ማርሽ ቀያሪው ይገነጠላል። ወርደህ በእንጨት ጠርገው።

ስለ ወሩ የሰቃ_መንገድ ባለው ላይ ትንሽ ልጨምር። ኅዳር ላይ ፍሬው ቀልቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ መተው ያሳዝናል፤ ጠዋት ወጥተህ 4 ሰዓት ሳይሞላ ግባ እንጂ አትቅር። ለጸጥታ ከሆነ ጥርና የካቲት ናቸው፣ አቧራውን ከቻልክ። አበባውን የፈለገ ደግሞ ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል ቀን ይቁጠር፦ ከ8 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይፈነዳል፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ጎማህን ግድግዳ ላይ ስቀል።

ቡና_ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ውሻስ? ምግብና ውኃ ስንት ልያዝ?

የሰቃ_መንገድ፦
ውሻ ሲያባርር ዳገት ላይ አታመልጠውም። ውረድ፣ ሳይክሉን በመሐላችሁ አድርግ፣ ዝግ ብለህ ተራመድ፤ ሩጫህ ሲቀር እሱም ይተዋል። ሰው ስታልፍ ቀድመህ «አካም ቡልተን» በል፤ ሰላምታ የሰጠኸው ባለቤት ውሻውን ይጠራልሃል፣ ልጆቹም ድንጋይ ከማንሳት እጅ ማውለብለብ ይመርጣሉ።

ውኃ በሰዓት ከግማሽ እስከ 0.7 ሊትር፤ ሁለት ጠርሙስ ሞልተህ ውጣ፣ ሰቃ ላይ የታሸገ ግዛ። በሰዓት ሁለት ሙዝ ወይም አንድ እፍኝ ቴምር ይበቃል። ቆሎ ኪስ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ግን ዳገት ላይ እያለከለክህ አትቃም፣ ትን ይልሃል። 12፡30 ላይ ሲነጋ ተነስ፤ ከዚያ በፊት ጭጋግ ካለ የኋላ ቀይ መብራት ሳታበራ ከከተማ አትውጣ።

ካቴና፦
ስትመለስ ሳይክሉን ሳታስገባ የፍሬን ጎማዎቹን ገልብጠህ እይ። በቀዩ ጭቃ ውስጥ ያለ አሸዋ ጎማው ላይ ተሰክቶ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላል። በቢላ ጫፍ ነቅለህ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸው።