ሁለት ቋንቋ የምታወራ ሕፃን በበዓል ዘመድ ቤት ስትሄድ

ልጃችን 2 ዓመት ተኩል ሆኗታል። እናቷ በአንድ ቋንቋ፣ አባቷ በሌላ ያወሯታል። በበዓሉ አያቶቿም ጓደኞቻችንም ቤት እንሄዳለን። አያቶቿ የሚሰሙት አንዱን ብቻ ነው። ሰው ሲበዛ ዝም ትላለች፣ ወይ በማይገባቸው ቋንቋ ትመልሳለች። ምን ይሻላል?

መልስ 1
ከ2 ሳምንት በፊት ጀምራችሁ በቪዲዮ አገናኟቸው፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። ፎቷቸውንም እያሳያችሁ ስማቸውን ጥሩላት። ሰላምታ ከማስለመዳችሁ በፊት የሚያስፈልጓትን ቃላት በአያቶቿ ቋንቋ አስለምዷት፦ ውሃ፣ ሽንት፣ በቃኝ፣ እቀፉኝ። ሽንት መጣብኝ ማለት ካልቻለች ቀኑ በለቅሶ ያልቃል።

መልስ 2
ዝምታው አያስጨንቃችሁ። እንደደረሳችሁ ከእቅፋችሁ አታውርዷት፣ ራሷ እስክትወርድ ጠብቁ። «እስቲ ተናገሪ» የሚል ዘመድ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ልጅን የሚዘጋው እሱ ነው። በሌላው ቋንቋ «ኳስ» ካለች አታርሟት። «አዎ፣ ኳሱ ተንከባለለ» ብላችሁ በአያቷ ቋንቋ መልሱላት። አያትም ይገባቸዋል፣ እሷም ቃሉን ትሰማለች። ቃላት መቀላቀል በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።

መልስ 3
በቀን ከአንድ ቤት በላይ አትሂዱ፤ የምትሄዱትም ከቀን እንቅልፏ በኋላ ይሁን። ቴሌቪዥኑን አስጠፉ፣ በጫጫታ መሃል ብዙም ያልለመደችውን ቋንቋ ለይታ መስማት ይከብዳታል። የምታውቀውን የሥዕል መጽሐፍ ያዙና አያቷ ያሳይዋት። ቃላቷን ስትቆጥሩ የሁለቱንም ቋንቋ ደምሩ። በሁለቱም ሁለት ቃል የማታገጣጥም ከሆነ ወይም የነበሯት ቃላት ከጠፉ ግን በዓሉ ሲያልፍ ሐኪም ያያት።