የሰጠመች መርከብን ታሪክ ለልጄ ቋንቋ እንዴት ልጠቀምበት?

የፒያሳዋ እናት፣ ደሴ፦
ልጄ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ማንበብ አያቅተውም፤ ያነበበውን ንገረኝ ስለው ግን «ከዚያ... ከዚያ...» ብሎ ይቆማል። ሰሞኑን ቫሳ የምትባል የስዊድን የጦር መርከብ ሥዕል አይቶ ከእሷ ሌላ ወሬ የለውም። በአውሮፓውያኑ 1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ሄዳ እዚያው ስቶክሆልም ሰጠመች። ልጄ ከሐይቅ በቀር ሰፊ ውኃ አላየም። ከየት ልጀምርለት?

መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ ከሳፋ ይጀምሩ። ውኃ ይሙሉበትና ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ያንሳፉ። ጠጠሩን ከሥር ሲያደርግበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አፉን በካርቶን ከድኖ ጠጠሩን ከላይ ሲጭንበት ይገለበጣል። ቫሳም 64 መድፎች ይዛ ከላይ ከብዳ ነበር፤ በሆዷ የተጫነው ድንጋይ አላረጋጋትም። ነፋስ ሲገፋት አዘነበለች፤ ውኃውም ክፍት በነበሩት የመድፍ መስኮቶች ገባ። ልጅዎ ጭነት ያናቱን ያበዛ መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ አይቶ ከሆነ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ዘመመች፣ ተንገዳገደች፣ አዘነበለች፣ ተገለበጠች፣ ሰጠመች፦ እያንዳንዱን ቃል ቆርቆሮውን በእጁ ይዞ እያሳየ ይበለው። በቃል ብቻ ቢያጠናው ሳምንት አይቆይለትም።

አያት፣ ሰኞ ገበያ፦
ልጄ፣ እኔ ለልጅ ልጆቼ የነገርኳቸው የሙከራውን ነገር ነው። ከጉዞው በፊት 30 ሰዎች መርከቧ ላይ ከጎን ወደ ጎን እንዲሮጡ ተደረገ፤ ክፉኛ ስለተወዛወዘች ሙከራው ተቋረጠ። ጉዞው ግን አልቀረም፤ ንጉሡ መርከቧን በጥድፊያ ይፈልጋት ነበር። «አንተ እዚያ ብትኖር ለንጉሡ ምን ትለው ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ሲናገር አታርሚው፤ አንዴ ካቋረጥሽው ዝም ይላል።

የፒያሳዋ እናት፦
ትናንት ማታ ሞከርነው። ወለሉ ሁሉ ውኃ ሆነ። በሦስተኛው መገልበጥ ላይ ቀና ብሎ፣ «እማዬ፣ መስኮቶቹ ተዘግተው ቢሆን ኖሮ ውኃው አይገባም ነበር» አለኝ። «ኖሮ» የምትለዋን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንባዬ መጣ። አሁን ደግሞ ከ333 ዓመት በኋላ፣ በ1961 ስትወጣ እንጨቷ ለምን እንዳልበሰበሰ ይጠይቀኛል።

መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
የባልቲክ ባሕር ጨው ጥቂት ስለሆነ መርከብ የሚበላው ትል አይኖርበትም። «ምክንያቱም» ብሎ ይጀምርና ለአባቱ እሱ ራሱ ያስረዳ።