ክርክር፦ ለራስ መልካም መናገር የልብን ቁስል ያሽራል ወይስ ይሸፍናል?

አወያይ፦ በአነቃቂ ንግግር አዳራሾች «ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማችሁ ‹አሸናፊ ነኝ› በሉ፤ ሐዘኑም ጭንቀቱም ይለቃችኋል» ሲባል እንሰማለን። ልቡ ለተሰበረ ሰው ይህ ይጠቅመዋል? ስድብ አይፈቀድም።

መምህሩ፦ አይጠቅምም። አዲስ ነገርም አይደለም። ፈረንሳዊው ፋርማሲስት ኤሚል ኩዌ ከመቶ ዓመት በፊት «በየቀኑ፣ በሁሉም ረገድ፣ እየተሻለኝ ነው» የሚለውን ጠዋትና ማታ 20 ጊዜ ያስደግም ነበር። እሱስ በነጻ ነበር፤ የእኛዎቹ መግቢያ ያስከፍላሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ ሰዎችን «የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ እንዲደጋግሙ አደረጉ። ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት የነበራቸው ጭራሽ ባሰባቸው። አፍ «እወደዳለሁ» ሲል ልብ «ማን ወዶህ?» ብሎ ይመልሳላ!

ነርሷ፦ መምህር፣ ያ ጥናት ያጋለጠው የማይታመን ቃልን ነው እንጂ ለራስ መናገርን አይደለም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዘረጋው ሕክምና ሰው ለራሱ የሚለውን ነገር በማስረጃ እንዲመረምር ያደርጋል፤ ውዳሴ አያስደግምም። ልጇ የሞተባት አንዲት እናት «የገደልኩት እኔ ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም። «ጠንካራ ነኝ በይ» ብንላት ትስቅብን ነበር። የጠየቅናት «ትኩሳቱ የጀመረው መቼ ነው? መኪና ፍለጋ የወጣሽውስ?» ብለን ነው። ሰዓቱን ራሷ እየቆጠረች ሄደች። ከብዙ ቀን በኋላ «የማውቀውን ሁሉ አድርጌያለሁ» አለች። ሐዘኑ አልለቀቃትም፤ እንቅልፍ ግን መጣላት።

የዕድሩ ጸሐፊ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሐዘንተኛን ብቻውን መስታወት ፊት አናቆምም፤ ፍራሽ አንጥፈን አብረነው እንቀመጣለን። አሠልጣኙ «ሁሉም በእጅህ ነው» ካለ፣ ያልተሻለው ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። በሐዘን ላይ ዕዳ!

ከዐረብ አገር የተመለስኩ፦ አባባ፣ ልክ ነዎት። ሆኖም ለቀስተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ያለውን ሰዓትም ያስቡልን። እኔ ሰው ቤት ስሠራ አሠሪዬ «ደንቆሮ» እያለች ነበር የምትጠራኝ። አገሬ ከገባሁ በኋላ ስድቡን እኔው ራሴ ተረከብኩት። ወጥ ባረረብኝ ቁጥር «ደንቆሮ!» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። አሁን ስሜን እጠራና «ወጡ ነው ያረረው፤ አንቺ ምንም አልሆንሽ» እላለሁ። አሸናፊ ነኝ ብዬ አላውቅም፤ ማንንስ አሸንፌ?

ነርሷ፦ ስምሽን መጥራትሽ በዘፈቀደ የመጣ አይመስለኝም። በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከአስጨናቂ ንግግር በፊት «እኔ» ከማለት ይልቅ ስማቸውን እየጠሩ ለራሳቸው የተናገሩ ሰዎች ጭንቀታቸው ቀለል ብሎ ተገኝቷል። ሰው ለወዳጁ የሚሰጠው ምክር ለራሱ ከሚሰጠው የረጋ ነውና። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ ሕክምናሽን ትተሽ ነው በዚህ ብቻ የያዝሽው?

መምህሩ፦ እህቴ፣ ያንቺስ እሺ። ግን ቃሉን ከየት አመጣሽው? በልጅነትሽ እንዲህ የምትልሽ እናት ነበረችሽ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስድብ ብቻ የሰማ ሰው ከየት ያምጣ?

ከዐረብ አገር የተመለስኩ፦ መምህር፣ እናቴማ ከአሠሪዬ የባሰች ተሳዳቢ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። በተመላሾች መጠለያ አጠገቤ የምትተኛ የጅማ ልጅ ነበረች። ሌሊት ስባንን ስሜን ጠርታ «በሩ ተዘግቷል፣ ማንም አይመጣም፣ ተኚ» ትለኝ ነበር። ቃሉ የእሷ ነው። ሲስተር፣ መድኃኒቴን አላቋረጥኩም፤ ቀጠሮዬም ማክሰኞ ነው።