በካርታ ቅርብ፣ በትኬት ሩቅ

ራቅ ያለ ቦታ ሥራ ያገኘ ወይም ዘመድ ሊጠይቅ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። የሁለቱን ኤርፖርቶች ስም ኢንተርኔት ላይ ይጽፋል፤ ኪሎ ሜትሩና የበረራው ሰዓት ወዲያው ይወጣለታል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። በዚያ መስመር የሚበር አውሮፕላን መኖሩን ግን አይናገርም።

ኢቃሉዊትና ኑክን እንይ። አንዱ ሰሜን ካናዳ፣ ሌላው ግሪንላንድ ነው። ቀጥታው 820 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጄት የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ። ቀጥታ በረራው ግን አንዴ ሲጀመር፣ አንዴ ሲቋረጥ የኖረ ነው። በሌለበት ጊዜ መንገደኛው መጀመሪያ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ አትላንቲክን ይሻገራል፣ ከዚያ በአይስላንድ ወይም በዴንማርክ በኩል ወደ ኋላ ይመለሳል። ማዶ ለማዶ ለሚተያዩ አገሮች ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም!

የኢንተርኔቱ ስሌት ቀላል ነው። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩን ቅስት ይለካል፣ በሰዓት 800 ወይም 850 ኪሎ ሜትር በሆነ የጄት ፍጥነት ያካፍለዋል፣ ለመነሻና ለማረፊያ ትንሽ ደቂቃ ይጨምራል። ትንንሽ ኤርፖርቶች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ጄት አይደለም። ባለ ፕሮፔለሩ ኤቲአር 72 በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ትንሿ አውሮፕላን ትዊን ኦተር ከሆነች ደግሞ ወደ 300 ዝቅ በሉ። ርቀቱ በኖቲካል ማይል (በባሕርና በአየር ጉዞ መለኪያ) ከተጻፈም ወደ ኪሎ ሜትር ለመቀየር በ1.852 ማባዛት አትርሱ።

ንፋሱም አለ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ንፋስ ስለሚገፋ ከኒውዮርክ ለንደን መሄድ ከመመለሱ አንድ ሰዓት ያህል ያጥራል። ፖለቲካውም እንዲሁ ነው። ሩሲያ በ2022 የአየር ክልሏን ስትዘጋ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የነበረው በረራ 13 ሰዓት አካባቢ ሆነ። ከተሞቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

በጣም የሚገርመኝ ግን በሃዋይ ያለችው የሆኖሉሉና በፓስፊክ የኪሪባስ ደሴት የሆነችው የኪሪቲማቲ ነገር ነው። ርቀቱ 2,150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። የሁለቱም ሰዓት አንድ ነው፤ ቀኑ ግን ይለያያል። ማክሰኞ ጠዋት ከሆኖሉሉ የተነሳ ሰው ረቡዕ ይደርሳል። ሲመለስ ደግሞ ትናንት ላይ ያርፋል። ሆቴልና ኮኔክሽን ስትይዙ ቀኑን ደግማችሁ እዩት።

ለእኔ ከኪሎ ሜትሩ በፊት የሚጠየቀው «በሳምንት ስንት ቀን ይበራል?» የሚለው ነው። ከቺሊዋ ፑንታ አሬናስ ወደ ፎክላንድ ደሴቶች 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መደበኛው በረራ በሳምንት አንዴ ነው። አመለጣችሁ ማለት ሳምንት መጠበቅ ነው። የሥራ መጀመሪያ ቀናችሁን ከመስማማታችሁ በፊት ይሄን እወቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ በየት አገር እንደምታልፉ ነው። ከኤርፖርት ሳትወጡም የትራንዚት ቪዛ የሚጠይቁ አገሮች አሉ፤ የሚወስነው የያዛችሁት ፓስፖርት ነው። እዚያ ሻንጣ ተቀብላችሁ እንደገና የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ የመግቢያ ቪዛም ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ሁለት ለየብቻ የተገዙ ትኬቶች ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁም አየር መንገዱ አይመለከተኝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ቢወደድም በአንድ ትኬት ግዙት። ካልተገኘ መሃል ላይ አንድ አዳር ጨምሩበት።